ሁለት ሆድ ያለው ታንክ

የሰፈሩ ሰው በያጁን «ውሃ ሙላ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ነዳጅ የነካ ዕቃ፣ በርሜልም ይሁን የሞተር ሳይክል ታንክ፣ ወደ ጋራዡ ሲመጣ ከአፉ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «መጀመሪያ ውሃ ሙላበት» ስለሆነ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው አንድም ቀን ከዚህ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። «ጥርሱን ሊያስነቅል ሲሄድ እንኳ አፉን ውሃ ሞልቶ ነው የሄደው» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሙያውን ያስተማረው ሰው ባዶ በርሜል ሲበይድ መሞቱን ግን አይረሳም።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ገበሬ ነው። ከአባቱ የወረሰው ትራክተር በዕድሜ ይበልጠዋል። በቤንዚን ይነሳል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ላምባ ይዞራል። ታንኩ ከሞተሩ በላይ ተጋድሟል፤ ከሥሩ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ይግላል። ጎረቤቶቹ «ይሄን ሽማግሌ ጡረታ አታወጣውም?» ሲሉት፣ «እሱ እኔን ጡረታ ያወጣኛል እንጂ» ይላቸዋል።

አንድ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ገበሬው ሁሉ ሲራወጥ፣ ታንኩን ፈቶ በጋሪ ጭኖ መጣ።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ካልደረስክልኝ አለቀልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ከአንገቱ ሥር ተሰንጥቋል። ከትናንት ወዲያ ጠብ ጠብ እያለ የጋለው ቧንቧ ላይ ወረደና ቦግ አለልህ! በአፈር ነው ያጠፋሁት።» ሱሪውን ሰብስቦ የተላጠ ቅልጥሙን አሳየው። እየሳቀ ነው የሚያወራው።

«ነፍስህ በተአምር ተርፋ ትስቃለህ? ባዶ ነው ታንኩ?»

«ጠብታ የለውም። በሳሙና አጥቤ ትናንት ፀሐይ ላይ አውዬዋለሁ።»

«እኔን የሚያስፈራኝ እኮ ባዶነቱ ነው። ሙሉው ይቃጠላል፤ የሚፈነዳው ባዶው ነው። ሰው የሚጨርሰው ያ የማታየው እንፋሎት ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ ውሃውን እናምጣና እንገላገል።»

በጄሪካን እየተቀባበሉ ሞሉት። በያጁ ታንኩን በዓይኑ ሲለካው አራት ጄሪካን ይውጣል ብሎ ነበር። ውሃው ግን በሦስተኛው ስንጥቁ ሥር ደረሰ።

«ቶሎ ጠገበ» አለ በያጁ።

«ትልቅ መሰለህ እንጂ ሆደ ጠባብ ነው።»

ጎንበስ ሲል ደግሞ አንድ ነገር አፍንጫው ላይ መጣ። «ቤንዚን ይሸታል?»

«ልብሴ ነው ጋሼ። እኔ አልጋ ላይም ቤንዚን ቤንዚን ነው የምሸተው፣ ሚስቴን ጠይቃት።»

ተሳሳቁ። ከታንኩ ጫፍ በኩል በቅባትና በጭቃ የተለበጠ አንድ ወፍራም ቡሎን ነበር። በያጁ አይቶታል። ታንኩን ከትራክተሩ ጋር የሚያስረው መስሎት አለፈው።

«በል፣ እንዳይንሸራተት ያዝልኝ። ፊትህን ወዲያ አዙር።»

ስንጥቁን ከአንገቱ ሥር ጀምሮ ወደ ጫፉ እየደፈነ ሄደ። ወደ ቡሎኑ ሲጠጋ ብረቱ ፈነዳ።

ድምፁን እሱ አልሰማውም። ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተሰማ ያሉት ሌሎች ናቸው። እሱ የሚያስታውሰው ነጭ ብርሃን ነው፤ ከዚያ ውሃው ደረቱን መትቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ቀና ሲል የሚስቱ ወንድም መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ከወገቡ በላይ እሳት ነው። በያጁ ላዩ ላይ ወድቆ በእጁ አጠፋው። ጓንቱ የት እንደወለቀ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሆስፒታል አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን አስተኟቸው። በያጁ እስከ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። የሌላኛው ነገር ግን ከፋሻ ያለፈ ነበር፤ ሐኪሙ ሊያየው ሲመጣ ከቤተሰቡ ዓይን ይሸሻል። በአራተኛው ቀን ሴቶቹ ውጭ ሳሉ ወንድምየው ድምፁን አገኘ።

«ጋሼ...»

«አለሁ።»

«ትንሿን... ባዶ ናት ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«የቷ ትንሿ?»

«ክዳኗ ድሮ ሲጠፋ አባቴ ቡሎን ያሰረባት። የቤንዚኗ። ለማስነሻ ብቻ እኮ ነች... ጠብታ የላትም ብዬ።»

ያን ጊዜ ለበያጁ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየው። ታንኩ ውስጡ በብረት ተከፍሎ ሁለት ነበር፦ ትልቁ ለላምባ፣ ትንሹ ለቤንዚን። ማሰሪያ የመሰለው ቡሎን የትንሹ ክዳን ነበር። ውሃው የገባው ትልቁ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በሦስት ጄሪካን የጠገበው። ለዚህ ነው የሸተተው።

ወንድምየው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሰው ጀመር። እጁ በፋሻ ነዋ። በሦስተኛው ቀን ማንኪያዋን አየር ላይ አቁማ ጠየቀችው።

«ውሃ ሞልተህ ነበር?»

«ሞልቼ ነበር።»

«ታዲያ ውሃ እንዴት ይፈነዳል?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ግን የወንድሟ አፈር ገና አልደረቀም። ራሱን ለማዳን ሙት የሚከስ ሰው መስሎ ታየውና ዋጠው።

«እንጃ» አላት።

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ታጎርሰዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ፋሻውን ትቀይርለታለች፤ ከሚያስፈልገው ቃል በላይ ግን አይወጣትም። የወንድሟ ሚስትማ ጨርሶ አልመጣችም።

ወደ ቤቱ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት የሰፈሩ ጋሪ ነጂ ሊጠይቀው መጣ። ወሬ ሲያልቅበት እንዲህ አለ፦ «ከወንዙ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ታንካቸው ሊበየድ ነው አሉ። ትራክተራቸው እኮ የሟቹ ዓይነት ነው፣ ከአባቱ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የገዙት።»

በያጁ ከትራሱ ቀና አለ። «ማን ነው የሚበይድላቸው?»

«የማዶው ብረት ቀጥቃጭ ነዋ፣ ነገ ጠዋት። ውሃ ሙሉበት ብላቸው፣ ‹ያኛውም ተሞልቶ ነው የፈነዳው፣ ውሃ ከንቱ ነው› አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

በያጁ ጫማውን በእግሩ እየጎተተ ተነሳ። ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ «ወዴት ነው?» አለችው። ቁጭ በይ ብሎ ሁሉንም ነገራት፤ ታንኩ ቶሎ መጥገቡን፣ ሽታውን፣ ቡሎኑን፣ ሆስፒታል የሰማውን። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ገልጣው «ለሚስቱም ንገራት» አለች። «ከጎረቤት አትስማው።»

የወንድሟን ሚስት ታንክ የሌለው ትራክተር ከቆመበት መጋዘን በር ላይ አገኛት። ባሏን የገደለባት ሰው ሲመጣ አይታ አልተነሳችም። እሱም ቆሞ ተናገረ።

«ሞቶም ጥፋተኛ ልታደርገው ነው የመጣኸው?» አለችው።

«የሱን ብቻ አይደለም የምነግርሽ። እኔ ሙያው የኔ ሆኖ ሽታውን ሳቅኩበት። ቡሎኑን አይቼ አልጠየቅኩም። ግን ዝም ካልኩ ነገ ሌላ ሰው ይሞታል።»

ዓይኗን ወደ ትራክተሩ መለሰች። ወደሱ ስትዞር ልትጮህበት መስሎት ጠበቀ።

«በጠርሙስ የምሞላት እኔ ነኝ» አለች። «እሱ ሞተሩን ሲያዘጋጅ ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምጨምርባት። ታንኩን ሊፈታ ሲል ‹ትንሿንም ላጥባት?› አልኩት። ‹ተያት፣ ባዶ ናት› አለኝ። ተውኳት።»

ይሄን በያጁ አላሰበውም ነበር። ሸክሙን ሊያቃልል መጥቶ እሷም ላይ ጨመረባት። የተጠቀለሉ እጆቹን ይዞ ተገተረ።

በማግስቱ ጎህ እንደቀደደ ወደ ወንዙ ማዶ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆማ አገኛት። የባሏን ትልቅ ቁልፍ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። «አንተ በምን እጅህ ልትፈታው ነው?» ብላው ቀድማው ሄደች።

የሽማግሌው ግቢ ሲደርሱ ቀጥቃጩ ከግቢው ጥግ እሳቱን አያይዟል፤ ታንኩ ገና ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩ ደነገጡ። በያጁ እያስረዳ ሳለ አቋረጡት።

«ይሄኛው ባዶ ነው ልጄ! ዓመት ሙሉ አልተነካም።»

ሴትዮዋ አልተከራከረችም። የትንሿ ክዳን የት እንደሆነ ሳትፈልግ ታውቃለች፤ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ፋቀች፣ ቁልፉን አስገብታ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ክዳኑ ሲላቀቅ እስ ብሎ ተነፈሰ፤ የቤንዚን ሽታ ግቢውን ሞላው።

ቀጥቃጩ ሮጦ እሳቱ ላይ ባልዲ ውሃ ቸለሰ። ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡ። «የልጅ ልጆቼ እዚችው አጠገብ ነበሩ» አሉ ደጋግመው።

ታንኩ ያን ቀን አልተበየደም። በያጁ በነገራቸው መሠረት ሁለቱንም ሆድ በየተራ አጥበው ውሃ ሞልተው አሳደሩት፤ በሦስተኛው ቀን ቀጥቃጩ ሁለቱም ሙሉ እንደሆኑ ስንጥቁን ደፈነው።

በያጁና ሴትዮዋ የመጀመሪያውኑ ቀን አብረው ተመለሱ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብላ እጇን በአሸዋ ፈተገች፤ ደጋግማ አሸተተችው፤ እንደገና ፈተገች። እሱ ዳር ቆሞ ጠበቃት።

የበያጁ ጣቶች ሲድኑ ተቆላምመው ቀሩ፤ የብየዳውን ኤሌክትሮድ መጨበጥ አይችሉም። ጋራዡን ለሌላ ሰው ለቀቀ። ሚስቱ ቀስ በቀስ ማውራት ጀምራለች፣ ስለ ወንድሟ ግን አታነሳም። የወንድሟ ሚስት መሬቱን ለጎረቤት ሰጥታ እያሳረሰች ትራክተሩን እዚያው መጋዘን ቆልፋበታለች። መንገድ ላይ ስትገናኘው «ደህና ዋልክ ጋሼ» ትለዋለች። እሱም «ደህና ዋልሽ» ይላታል። ከዚያ እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው ይሄዳሉ።