የዳክዬው ኩሬ ቫይረስ

ነስታን ማስታወቂያውን ያየችው ትብሊሲ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ በተበላሸው ሊፍት በር ላይ ተለጥፎ ነው። ባክቴሪያ የሚበሉ ቫይረሶችን የሚያጠና ቤተ ሙከራ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የዓመት የምርምር ዕድል ይሰጣል፣ ከነአበሉ። ልቧ ዘለለ። እሷ እስከዚያ ቀን ባክቴሪያን የምታውቀው ከመጽሐፍ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ዘጠኝ ተማሪዎች ተሰበሰቡ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ላማራ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት፣ ቃለ መጠይቅ የሚባል ነገር አላነሡም።

"ክሊኒካችን የተኛ አንድ ሰው አለ" አሉ። "እግሩ ላይ ያለው ባክቴሪያ መድኃኒት አይበግረውም። እኛ ጋ ያሉትን ቫይረሶች ሁሉ ሞከርንበት፤ ናቀን። እሱን የሚበላ ቫይረስ ፈልጋችሁ አምጡ። ናሙና ከውጭ፣ ሥራው እዚህ። አሥር ቀን አላችሁ።"

"ከየት እናምጣ?" አለ ቫኹሽቲ የሚባል ረጅም ልጅ።

"ቆሻሻ ካለበት። ንጹሕ ቦታ የሚወድ ባንክ ይቀጠር።"

ነስታን ጠርሙስ በገመድ አስራ ምትክቫሪ ወንዝ ወረደች። ድልድዩ ሥር ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ትክ ብሎ አያት።

"ምን ልትይዢ ነው?"

"ቫይረስ።"

"እሱ ይሻላል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እሱንም አልያዝኩ!"

ባክቴሪያው በብርጭቆ ሳህን ላይ ሲዘራ እንደ ጉም ይዘረጋል፤ የሚበላው ቫይረስ ካገኘው ጉሙ ላይ የጠሩ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የነስታን ሳህኖች ስድስት ቀን ሙሉ ጉም ብቻ ሆኑ። አጠገቧ የሚሠራው ቫኹሽቲም አልቀናውም።

"ዛሬስ ጠራ?" ይላታል በየጠዋቱ።

"ያንተስ?"

"የቄራ ቦይ ውኃ አምጥቻለሁ። ቫይረስ ባላገኝም ሽታው አውቶቡስ ውስጥ ወንበር አስለቅቆልኛል።"

በስድስተኛው ቀን ነስታን ሳህኖቿን ስታጥብ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። እጇን ሳትጠርግ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገባች።

"ሕመምተኛውን ማነጋገር እችላለሁ?"

"ለምን?"

"ባክቴሪያው የት እንደያዘው ልጠይቀው። የሚበላውም እዚያው ጎረቤቱ ይሆናል።"

ፕሮፌሰር ላማራ መነጽራቸውን አወለቁ። "ስለ ባክቴሪያው ዘጠኛችሁም አሰልችታችሁኛል። ስለ ሰውዬው ግን የጠየቀኝ የለም። ፈቃደኛ ከሆነ አስገባሻለሁ።"

ኦቲያ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ፈቃደኛ መሆን ብቻ አይደለም፣ ወሬ ጠምቷቸው ነበር።

"እግሬን የቧጨረኝ የዳክዬዎቹ ኩሬ ውስጥ ያለ የዛገ ሽቦ ነው" አሏት። "ካኼቲ ክፍለ ሀገር፣ መንደራችን ድረስ ሂጂ፣ የኔ ልጅ። ሚስቴ ግን ሳትበዪ ኩሬውን አታሳይሽም።"

"እሺ፣ አጎቴ ኦቲያ።"

መንደሩ ሩቅ ነው፤ በሚኒባስ እየቀያየሩ ከሄዱ አንድ ቀን ይበላል። ቫኹሽቲ ደግሞ የአባቱን አሮጌ መኪና መዋስ ይችላል። ነስታን ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። ብትነግረው ዕድሏን ለሁለት መክፈሏ ነው፤ ዝም ብትል ቀን ይባክናል፣ የሰውዬው እግር ደግሞ ሊቆረጥ ይችላል። ሄዳ ነገረችው።

ቫኹሽቲ ከሳህኖቹ ቀና አለ። "ቦታው አንድ መሆኑን ረስተሽዋል?"

"አልረሳሁም። ትነዳለህ አትነዳም?"

የኦቲያ ሚስት ምዜቪናር በር ላይ ተቀበለቻቸው፤ እንደተባለውም ኻቻፑሪ የሚሉትን ትኩስ የአይብ ዳቦ፣ አይብና ወይን ሳትደረድር አላነቃነቀቻቸውም። ቫኹሽቲ ልነዳ ነው ብሎ ወይኑን ቢመልስ ሁለት እጥፍ ኻቻፑሪ ተቀጣ። ከዚያ ኩሬው። አንድ ነጭ ዳክዬ ቫኹሽቲን ሱሪው ላይ ነክሶ አጥሩን ሲያዞረው ምዜቪናር ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ የውኃውን ናሙና ወሰደ፤ ነስታን ጫማዋን አውልቃ፣ ሽቦው እንዳይነካት እየተጠነቀቀች፣ ከሥሩ ያለውን ጭቃ ዛቀች።

"አንቺም እግርሽን ልታስቆርጪ ነው? ነይ ወዲህ!" ብላ ምዜቪናር ሙቅ ውኃና ሳሙና ይዛ ደረሰች።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ቀድሞ የደረሰው ቫኹሽቲ ነበር። የራሱን ሳህን አየ፤ ጉም። የነስታንን አነሣና መስኮት ላይ ወደ ብርሃን አዞረው።

"ነስታን! ወንፊት ሆኗል! ሳህንሽ ወንፊት ሆኗል!" እያለ ደረጃውን በሩጫ ወረደ። ነስታን ገና ኮቷን እንኳ አላወለቀችም። ተቃቅፈው ዘለሉ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ከነባልዲዋ ግድግዳ ተጠጋች።

ቦታው የነስታን ሆነ። ቫኹሽቲ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈ፤ እሷም አልደረሰችበትም። በማግሥቱ ፕሮፌሰር ላማራ ጠርተው በኩታይሲ ከተማ የንብ በሽታ የሚያጠኑ ባልደረባቸው ተማሪ እንደሚፈልጉ ነገሩት፤ ደብዳቤም ጻፉለት።

"ንብ ከዳክዬ ይሻላል?" አላት ሻንጣውን እየዘጋ።

"ሱሪ አትነክስም።"

ቫይረሱ ተጣርቶ፣ ተመርምሮ፣ ፈቃድ ተገኝቶለት ለሕክምና እስኪበቃ ክረምት ገባ። የኦቲያ ቁስል በየቀኑ በእሱ ሲታጠብ ከረመና ከዳር ወደ መሐል ቀስ በቀስ ተዘጋ። ኦቲያ ከክሊኒኩ ሊወጡ ሲሉ ነስታን መዝገብ ይዛ አልጋቸው ጋ መጣች። ለቫይረሱ ስም ማውጣት የአግኚው መብት ነው፤ እሷ ግን ዕድሉን ለሳቸው ሰጠቻቸው።

ኦቲያ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሚስታቸውን አየት አደረጉ። "የአማቴን ስም ስጪው። እሷም ያገኘችውን አታስተርፍም ነበር።"

"የኔን እናት?" አለች ምዜቪናር ከወንበሯ ብድግ ብላ። "ኦቲያ ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ! አምስት ወር አልጋ ላይ ተኝቶ የበላውን እኔ ነኝ የማውቀው!"

ነስታን ሳቋን እያፈነች እስክሪብቶዋን አነሣችና "ኦቲያ አንድ" ብላ ጻፈች።