ለጨው ወደ ወረታ

ደሳለው ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እኅቱ ንግሥቲ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓዳ አስቀምጣ እንደ እንቁላል ጠበቀችው። ትወደዋለች፣ ምን ታድርግ! ግን ጎልማሳ ሰውን አጉርሶ፣ አጥቦ፣ ደጅ አትውጣ ማለት ምን የሚሉት መውደድ ነው? ሲመረው መንገደኛ ተከትሎ ከፎገራ ሜዳ ማዶ ወዳለችው ደብር፣ ወደ የኔታ መንግሥቴ ሄደ። የኔታ የዜማ መምህር ናቸው፤ እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው።

«ዜማው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ብቻህን መሄድ ተማር» አሉት። በበትር መፈለግ፣ መሬቱን በእግር መዳበስ አስተማሩት። ሲሳሳት «ጆሮህን ለጌጥ ነው የያዝከው?» ይሉታል።

ነሐሴ ላይ ንግሥቲ መጣች። «የኔታ፣ ገደል ገብቶ ሳይሞትብኝ ልውሰደው።»

ደሳለው በትሩን ጨብጦ ወደ ኋላ አለ። ያ ጓዳ!

«ዛሬ ወረታ ሄዶ ጨው ገዝቶ ይምጣ» አሉ የኔታ። «ሰው እየመራው ከመጣ ውሰጂው።»

ንግሥቲ ተስማማች። ደሳለውም የርብ ወንዝ ሞልቶ ያጥለቀለቀውን ሜዳ፣ ከውሃው በታች ያለውን መንገድ በእግሩ እየዳበሰ ተሻገረና ከመሐመድሰዒድ ሱቅ ጨው ገዛ።

«አንተ ሰው! በዚህ ጎርፍ ብቻህን ብሰድህ አላህ ምን ይለኛል?» አለና ባለሱቁ የበትሩን ጫፍ ያዘ።

«ተወኝ፣ በእናትህ!»

«አልተውም!»

ደግነት ሲይዘው የማይለቅ ሰው አለ አይደል? መሐመድሰዒድ እንደዚያ ነው። ሱቁን ለሚስቱ ትቶ እየጎተተው ውሃው ውስጥ ገባ። መሃል ሲደርሱ ደሳለው «ወደ ግራ!» ቢለው፣ «የማየው እኔ አይደለሁ እንዴ?» ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ። ጭቃው እስከ ጭኑ ዋጠው።

«ያ አላህ! ጫማዬ!»

«ጫማህን ተወው፣ በትሩን ጠበቅ አርገህ ያዝ!» ደሳለው ጨውን በአንድ እጁ አናቱ ላይ ይዞ፣ በሌላው ስቦ አወጣው። ዙሪያው ሁሉ ውሃ ነው፤ መሐመድሰዒድ መመለሻው ጠፋው። የበትሩን ጫፍ እንደያዘ ደሳለውን ተከተለው።

ደብሩ ጋ ሲደርሱ ንግሥቲ ጮኸች። «አላልኩም? ይኸው፣ ሁለት ሆነው በትር ተያይዘው መጡ!»

ደሳለው «አይደለም!» አለ። ሊያስረዳ ሲል የኔታ ቀደሙት።

«እኔ አላይም ልጄ፤ አንቺ ንገሪኝ። ከፊት ያለው ማን ነው?»

ንግሥቲ ሁለቱን ደጋግማ አየች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ደሳለው ነው፣ የኔታ» አለች።

መሐመድሰዒድ በባዶ እግሩ ቆሞ ወደ ሜዳው ዞረ። «እሱስ ይሁን፤ አሁን እኔን ማን ይመልሰኛል?»

«ወንድሜ ነዋ!» አለች ንግሥቲ።