ከምድር ቤት የተሰጠ ድምፅ

ክሳቬሪ ፒየትራሽ የሕንፃችን ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ በተመረጠ ማግስት፣ ምድር ቤት ወርዶ ክፍላችንን በእርምጃው ሲለካ አገኘሁት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም። ያኔ ነው የጠላሁት፤ እስካሁንም አልተጸጸትኩም።

ክፍሏ ድሮ የልብስ ማድረቂያ ነበረች። በፖላንዷ ቶሩን ከተማ እንደኛ ያለ የኮንክሪት ሕንፃ ሁሉ ከሥሩ አንዲት አለችው፤ ግድግዳዋ ላይ የገመድ መስቀያ፣ መስኮቷ ከመሬት እኩል። ሰው ልብሱን በየቤቱ ማድረቅ ሲጀምር ባዶዋን ቀረች፤ ቁልፉን ተረክበን እኛ ገባንባት። እኛ ማለት የአሚጋ ክበብ ነን። አሚጋ ኮምፒውተር ናት፤ የሠራት ድርጅት ከፈረሰ በኋላ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወልደዋል። እኔ ግራዢና በሰፈሩ የኬብል ቴሌቪዥን የሠርግ መልካም ምኞትና የሐዘን መግለጫ በእሷ እየጻፍኩ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጣቢያው ሲዘጋ ሊጥሏት ነበር፤ አቅፌያት ወጣሁና ቆጥ ላይ አስቀመጥኳት። የሚሠራ ነገር ሲጣል ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ተፈጥሮዬ ነው።

ከክበባችን ሰዎች ሁለቱን ብቻ እወቁልኝ። ዜኖን ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነገር ሲከብደው ጢሙን የሚያሽ ሰው ነው። ሥራው አሮጌውን ሲስተም ከዛሬ ፕሮግራሞች ጋር ማስታረቅ ነው። የዛሬ ድረ ገጽ ሁሉ በምስጢር ቋንቋ ነው የሚነጋገረው፤ አሚጋ ያንን ቋንቋ ሳትሰማ ነው ያረጀችው፤ ዜኖን ያስተምራታል። ዓለም ቋንቋውን በቀየረ ቁጥር ቁጭ ብሎ እንደገና ይጽፋል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አያመሰግነውም።

ቦጉሚው ደግሞ ወፍራም ነው፣ ተጫዋች ነው፣ የብየዳ ካውያና እርሳስ ከእጁ አይለዩም። ለእሱ የዓለም ጠላት አንድ ነው፤ ባትሪ። የድሮ ማሽን ሆድ ውስጥ ሰዓቱን የሚያስታውስበት ትንሽ ባትሪ አለ፤ ሲያረጅ ይፈሳል፣ የፈሰሰውም መዳቡን እየበላ ማሽኑን ይገድላል። ስለዚህ አሮጌ ማሽን እጃችን ሲገባ ከሁሉ አስቀድመን ባትሪውን ቆርጠን እንጥላለን። ሌላው ሰው ቤት ሲገባ ጫማ ያወልቃል፣ እኛ ባትሪ እናወልቃለን።

ጥር ላይ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ክሳቬሪ ከወንበሩ ተነሣና ምድር ቤቱ ለስፖርት ቤት ይከራይ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ዘንድሮ ድምፅ የሚሰጠው በማኅበሩ አዲስ ድረ ገጽ ብቻ ነው፤ እጅ ማውጣት ቀረ፣ ወረቀትም ቀረ አለን። የራሱ ሐሳብ ስለነበር ደረቱ ተነፍቶ ነበር።

«ክፍሉ እኮ ክበብ አለበት» አልኩ።

«ክበብ?» አለና ወደ ሰዉ ዞረ። «ፓኒ ግራዢና» አለኝ፣ ወይዘሮ ማለቱ ነው። «እዚያ ያለው የቁርጥራጭ ብረት መቃብር ነው። ኮምፒውተር ማለት የዛሬን ሥራ የሚሠራ ነው። የእናንተው ምን ይሠራል? ሽንኩርት ያቁላላል?»

ሰው ሳቀ።

«ድምፅ ይሰጣል!» አልኩት። «በዚያው በሚመኩበት ድረ ገጽ፣ ከእኛ ማሽን ድምፄን እሰጣለሁ። መጥተው በዓይንዎ ያያሉ። እምቢ ካለች ቁልፉን እዚያው አስረክብዎታለሁ፤ ውጤት እንኳ አንጠብቅም።»

«ከሠራችስ?»

«ከሠራች ከእንግዲህ መቃብር እንዳይሏት።»

«እስማማለሁ» አለ ፈጠን ብሎ። «ግን በደንቡ መሠረት! በጋራ ማሽን ድምፅ ሲሰጥ የማኅበሩ ሊቀመንበር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መገኘት አለበት። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በኋላ አጭበርብረዋል እንዳይሉኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደረጃው ላይ ዜኖን ክንዴን ያዘኝ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ዓይነት ውርርድ ነው? ብናሸንፍ ስድብ ይቀርልናል፣ ብንሸነፍ ክፍሉ ይሄዳል!»

«እና ዝም ልበለው?»

«አዎ! ሰው አንዳንዴ ዝም ይላል!»

«አንተ ስለ ሁለታችንም ዝም ትላለህ፤ ይበቃል።»

ጢሙን እያሸ ሄደ። በማግሥቱ ግን ከሁሉ ቀድሞ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ከክበቡ ማሽኖች ፈጣኗ የእኔዋ ስለነበረች፣ ሆዷ ተከፍቶ የማያውቀውን ያቺን ከቆጥ አወረድናት። የማኅበሩ ድረ ገጽ በጌጥ የተጨናነቀ ነበር፤ ዜኖን ጌጡን ሁሉ ዘልሎ ሁለት ነገር ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ የነዋሪው ኮድ የሚገባበት ቦታና ድምፁ። የምስጢሩን ቋንቋ ሲያስተምራት መጀመሪያ ትንተባተብ ነበር። አንድ ረቡዕ ቀን ገጹ ተከፈተ። ዜኖን ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ድምፅ መስጫው ሰኞ ተከፍቶ ነበር፣ እሑድ ይዘጋል፤ ክሳቬሪን ለማግስቱ ጠራሁት።

ማግስቱ የሰባው ሐሙስ ነበር። ከጾም በፊት ባለው በዚያ ሐሙስ ፖንችኪ የሚባለውን ስኳር የተነሰነሰበት ጥብስ ዳቦ ያልበላ ዓመቱን ሙሉ አይቀናውም ስለሚባል፣ ከሦስተኛ ፎቅ ፓኒ ሊዮካዲያ ራሷ የጠበሰችውን በትሪ ይዛ ወርዳ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ እግሯን የሚያማት፣ ምላሷን ግን ምንም የማያማት አሮጊት ናት። ክሳቬሪ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ገባ። እሷም ሰላም ሳትለው በፊት አንድ ፖንችኪ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ብላ፣ ክሳቬሪዬ። ልጅ ሳለህ እዚህ አንሶላ መሃል ተደብቀህ ስትሰርቀኝ አልነበር? ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ብላ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ማሽኗን አበራሁ፤ የዜኖንን ፕሮግራም ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ። «ይህ ገጽ አይታመንም፤ ግንኙነቱ ተቋርጧል።»

ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። ዜኖን ገመዱን ነካካ፣ ኢንተርኔቱን ፈተሸ፣ ማሽኗን አጥፍቶ አበራት። ያው ነው። ጢሙን ማሸት ጀመረ።

«ትናንት ሠርታለች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። «ምንም አልነካሁም። ትናንት ሠርታለች።»

«ትናንት» አለ ክሳቬሪ ስኳሩን ከጣቱ እየላሰ። «እናንተ ሰዎች ችግራችሁ እኮ ይኸው ነው። ሁሉም ነገር ትናንት ይሠራ ነበር።» እጁን ወደ ቁልፉ ዘረጋ፤ ዘርግቶም ዓይኑ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያረፈ መሰለኝ፣ ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ተዉኝ! ይህን አያችሁ? ፓኒ ሊዮካዲያ፣ መነጽርዎን ያድርጉ! ማሽኗ ጥር 1978 ላይ ናት! እኔ እንኳ አልተወለድኩም! ቀልድ እኮ አይደለም፣ ጽፋዋለች!»

ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። ያ ሰው ሊሰድበን ብሎ ጣቱን የቀሰረበት ቦታ፣ ማናችንም ለዓመታት ዓይናችንን ያላሳረፍንበት ቦታ ነበር። ማሽኖቻችን ሁሉ ባትሪ የላቸውም፤ ሁሉም ሲበሩ ከፋብሪካ በተሰጣቸው ቀን፣ 1978 ላይ ነው የሚነቁት። የቀኑን ጥግ ማየት ትተነዋል። ይህቺኛዋ ግን ትናንት ቀኑን ታውቅ ነበር።

ቀስ ብዬ ወደ ቦጉሚው ዞርኩ። ፊቱ ቀልቷል።

«ቦጉሚው። ምን አደረግክ?»

«ምንም! ጠዋት አቧራዋን ላራግፍላት ብዬ ከፈትኳት... ባትሪ ነበራት፣ ግራዢና! ይህን ሁሉ ዓመት! ሊገድላት እኮ ነበር! አንቺ ብትሆኚስ ትተይው ነበር?»

አልተውም ነበር። ማናችንም አንተውም። ዜኖን ግን ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ ገባው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ እኔ ነኝ ሲል የሚያሳየው መታወቂያ አለው፤ መታወቂያውም የተሰጠበት ቀን አለው። 1978 ላይ ቁጭ ያለች ማሽን ዘንድ፣ ገና ከብዙ ዓመት በኋላ የሚወጣ መታወቂያ የያዘ ሰው በር ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል? ደግ አደረገች። ሥራዋን ነው የሠራችው።

«እጅዎን ከቁልፉ ያንሡ» አልኩት ክሳቬሪን።

«ፓኒ ግራዢና፣ ጨዋታው አልቋል።»

«አላለቀም። እጅዎን ያንሡ።»

አነሣ፤ የድምፄ ነገር ይሆናል። ተቀመጥኩና የዛሬን ቀን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ሰዓቱን በእጄ ጻፍኩላት። ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጸለይኩ ማለት ይቻላል፤ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ማሽኗ እንደ ልማዷ ቆየች። ከዚያ ሥዕል የለ፣ ጌጥ የለ፣ ጥቁር ፊደል በግራጫ ላይ ብቻ፤ «ምድር ቤቱ ለስፖርት ቤት ይከራይ?» የሚል ወጣ። ከሥሩ «ይከራይ» እና «አይከራይ»።

ኮዴን አስገባሁ። አይከራይ። ድምፅዎ ተመዝግቧል አለችኝ።

ቦጉሚው እንደ ሕፃን ጮኸ። ክሳቬሪ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ስልኩን አወጣ፣ እዚያም አየ። ተመዝግቧል።

«ጥሩ» አለ ካፖርቱን እየቆለፈ። «መቃብር አልላትም፤ ቃሌ ነው። ግን አንድ ድምፅ አንድ ድምፅ ነው። ሰዉ ‹ይከራይ› እያለ ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ እያየሁት ነው። ቁልፉን በሚቀጥለው ሳምንት እወስዳለሁ።»

እውነቱን ነበር። ያ ስቃዬ ሁሉ ለዚህ ነበር እንዴ? ዜኖን እንዳለው ነው፤ አሸንፈን ምንም አላገኘንም።

«ቆይ እስቲ» አለች ፓኒ ሊዮካዲያ ከኋላችን። ትሪውን አስቀምጣ ወደ ስክሪኑ ቀርባ ነበር። «ይኼ ያ የድምፁ ነገር ነው? እንዲህ ቀላል ነው? እኔን እኮ ስልኬ እምቢ ብሎኛል። ‹መሣሪያዎ አርጅቷል፣ ይህን ገጽ መክፈት አይችልም› አለኝ። ሰኞም አለኝ፣ ማክሰኞም አለኝ።»

«አዲስ ስልክ ያስፈልግዎታላ» አለ ክሳቬሪ ከበሩ።

«እናትህ ናት አዲስ ስልክ የሚያስፈልጋት! የእኔ ይደውላል፣ ይነሣል። አሁን እኔ እዚህ ድምፄን ብሰጥ ይቻላል?»

ዜኖን ጢሙን ለቀቀ። በሕይወቴ ያን ያህል ፈጥኖ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ይቻላል። ኮድዎ ካለ ይቻላል።»

ፓኒ ሊዮካዲያ ኮዷ የተጻፈበትን ወረቀት ከጡቷ ሥር አወጣች። ከዚያ ወደ ደረጃው ወጣ ብላ ያቺን ድምፅዋን ለቀቀችው። «ሄንሪካ! ጤክላ! ኮዳችሁን ይዛችሁ ውረዱ! አርጅታችኋል የማይል ማሽን እዚህ አለ!»

ክሳቬሪ ሹልክ ሊል እግሩን ሲያነሣ ቦጉሚው በወፍራም ገላው በሩን ሞልቶ ቆመ።

«ፓን ሊቀመንበር» አልኩት፣ በተቻለኝ ትሕትና። «ደንቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይላል። ደግሞም ድምፅ ምስጢር ነው። ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልን።»

ዞረ። እኛም ዞርን፣ ደንብ ደንብ ነው። ፓኒ ሊዮካዲያ በአንድ ጣቷ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስትጫን ይሰማኛል። ከኋላዋ ደረጃው በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች ጫማ መንቋቋት ጀመረ፤ ምርኩዝ፣ ሳል፣ «ተራዬ ነው»፣ «ፖንችኪ ተርፏል?»፣ «እኔንም እኮ አርጅተሃል ብሎኝ ነበር፣ የማያፍር!»። ቦጉሚው የልብስ ገመድ እንደሚወጥር ሰው ሰልፉን ያቃናል።

«አበቃ?» አለ ክሳቬሪ የገመዱ መስቀያ ላይ ዓይኑን ተክሎ። ካፖርቱ ጀርባ ላይ አንድ ሰው የስኳር ጣቱን ጠርጎበታል።

«ገና ነው» አልኩት። የእሑዱን ውጤት አልጠበቅኩም፤ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። እስካሁንም እዚያው ነው።