በፎቶው ውስጥ ያለው ቁም ሳጥን

«የሚከራይ ክፍል። ፎቶ አንድ። ፎቶ ሁለት። ፎቶ ሦስት። ይደውሉ» አለና የዶን ኤሪቤርቶ ስልክ ዝም አለ።

«ይኸው ነው?» አለች ኦርሜሊንዳ ደንግጣ።

«ይኸው ነው፣ እመቤቴ። ምንም አልገባኝም።»

ዶን ኤሪቤርቶ ዓይነ ስውር ናቸው። በከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ድረ ገጽ መሥራት የሚማሩ ጀማሪዎች ገጻቸውን ለሕዝብ ከማውጣታቸው በፊት ለእሳቸው ይሰጣሉ፤ እሳቸውም ጽሑፍ በሚያነብላቸው ስልክ ይፈትሹታል።

ኦርሜሊንዳ በሸቀች። ሦስት ወር ሙሉ በቫልዲቪያ ከተማ ዝናብ ወደ ትምህርቱ የተመላለሰችው የልጇን ክፍል ለተማሪ የምታከራይበትን ይህን ገጽ ለመሥራት ነበር። ተማሪዎቹ ደግሞ ከተማ የሚገቡት ሰኞ ነው። ለኪራዩ እንኳ ብዙም አልጓጓችም፤ አመሻሽ ላይ ሻይና ዳቦ ስታቀርብ «ቅቤውን አቀብይኝ» የሚላት ሰው ነው የናፈቃት። ስድስት ዓመት ብቻዋን በልታለች፤ አንገሽግሿታል።

«ርዕሱ እንዴት እንደሚያምር ቢያዩት!» አለችና አፏን ያዘች።

ሽማግሌው ሳቁ። «ባየው ደስ ባለኝ! ፊደሉን አተለቁት እንጂ ርዕስ ነው ብለው አልሰየሙትም፤ ስልኬ ከተራ ጽሑፍ አይለየውም። "ይደውሉ" ያሉትም ቀለም የተቀባ ሳጥን እንጂ አዝራር አይደለም። ብጫነው ብጫነው ንቅንቅ የለም!»

እየተነጫነጨች ሁለቱንም አስተካከለች። ስልኩ አሁን «ርዕስ፣ የሚከራይ ክፍል» ሲል እንደ ልጅ ደስ አላት።

«ጎሽ! ፎቶ አንድ ላይስ ምን አለ?»

«ክፍሉ ነዋ!»

«እኔ ልከራየው ብል ምን አገኛለሁ?»

«በወንዙ በኩል መስኮት አለው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሰፊ ቁም ሳጥን።»

«እሰይ፣ ልብሴን የምሰቅልበት አገኘሁ።»

ኦርሜሊንዳ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ምነው?»

«ቁም ሳጥኑ ሙሉ ነው። የልጄ የማይቴ ልብስ ነው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ሳይቀር። ሩቅ ሰሜን፣ አንቶፋጋስታ ከተማ ከገባች ስድስት ዓመቷ። በደወልኩ ቁጥር "እማዬ፣ ለሰው ስጪው" ትለኛለች።»

«ትመለሳለች?»

«ኧረ የት! ባልም ልጅም እዚያ ነው ያላት» አለች። ፎቶው ላይ የቁም ሳጥኑ በር ዝግ ስለሆነ እስከ ዛሬ ውስጡ ምን እንዳለ አንድም ሰው አልጠየቃትም ነበር።

ዶን ኤሪቤርቶ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ እንዳለ ይጻፉት። እኔ ያለኝ እርስዎ የጻፉት ብቻ ነው።»

ቤቷ ገብታ እርጥብ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ላፕቶፑን ከፈተች። ከፎቶው ሥር እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «በወንዙ በኩል መስኮት፣ አንድ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በልብስ የተሞላ ቁም ሳጥን።» ጮክ ብላ አነበበችው። ድምጿ ባዶው ቤት ውስጥ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። ይህን ማን ይከራየዋል?

«በልብስ የተሞላ» የሚለውን አጠፋችና «ባዶ» ብላ ተካችው። ጣቷ ገጹን ለሕዝብ ወደሚያወጣው አዝራር ሄደና ቆመ። ውሸት ነው።

ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትታ ከወጥ ቤት የሙዝ ካርቶን አመጣች፤ ቁም ሳጥኑንም ከፈተችው። መጀመሪያ ያወረደችው ዩኒፎርሙን ነበር።