ጡሩምባ ዝም ያለች ቀን

የልጄን ልጅ ጡሩምባ ብዬ የሰየምኳት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ የሷን የሚያህል ድምፅ ያለው መኪና ግን አልገጠመኝም። ገና አራት ዓመቷ ነው። ስልክ ስትከለከል ትጮኻለች፣ ካልሲ ሲደረግላት ትጮኻለች፣ ፀጉሯ ሲበጠር ሰማይ ይደረመሳል። ጎረቤት በመስኮት ብቅ ይልና "ጋሼ፣ ልጅቷን ምን አደረጓት?" ይለኛል። እኔ ምን አደርጋታለሁ? ያደረገችኝስ እሷ!

እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ስትመጣ ያ ጩኸት በር ላይ ይቀበላታል። ልጅ መምታት አትወድም፤ በዚህ አልወቅሳትም። መዋዕለ ሕፃናቱ ለወላጆች ያዘጋጀውን ስልጠና ተካፍላ መጣችና ቤታችን ውስጥ አዲስ አዋጅ ታወጀ።

"አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እሺ ለማሰኘት ስትጮህ ፊታችንን እናዞራለን። ዝም ስትል እናመሰግናታለን፣ ኮከብ እንለጥፍላታለን። ከባሰባት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ሳትጠራ አትነሳም።"

ስልጠናውን የሰጠችው አማካሪ "መጀመሪያ ግን አሟት እንደሆነ እዩ" ብላም ነበር። ልጄ ይህንን ያነሳችው ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በቤታችን ያስታወሰው የለም። ጩኸት ሁሉ አንድ ሆነ።

ወንበሩ ታጣፊ የብረት ወንበር ነው፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተዘረጋ። እኔ ሳቄ መጣ። "በፍሬን ያልቆመች ልጅ በወረቀት ኮከብ ልትቆም?" አልኩ።

ቆመች! አፌን ይዤ ቀረሁ። ጩኸቷ ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶዋ ወደ ማጉረምረም ወረደ። አንድ ቀን ጉልበቷ ተልጦ ከውጭ ገባች፤ ከንፈሯን ነክሳ ፊት ፊቴን አየችኝና ወደ ክፍሏ ሄደች። "አደገች" አልን። ጎረቤቶች "ልጅቷ ወዴት ሄደች?" ብለው እስኪጠይቁ ድረስ ቤታችን ፀጥ አለ። እኔም ያው ሰው፣ ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት የአማካሪዋ አዝማሪ ሆንኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልክ ስጡኝ ብላ ገና ጩኸት ስትጀምር እናቷ ወስዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። እኔ ሳሎን ጋዜጣ አነባለሁ፣ ልጄ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች። ወንበሩ አንዴ ቋ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ጭጭ።

"እየሰማህ ነው፣ አባዬ?" አለች ልጄ ከወጥ ቤት። "ምንም የለም እኮ!" ቀጥላም ወደ ኮሪደሩ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ጎበዝ የኔ ልጅ! ዝም ስትይ እንዴት እንደምታምሪ!" አለቻት።



"በቃ ቅጣቷን ጨርሳለች፤ ኮከቧን ስጥልኝ" አለችኝ። አንድ ኮከብ ልጬ ተነሳሁ።

ኮሪደሩ ጫፍ ስደርስ የልጅቷ ፊት አመድ መስሏል። ፀጉሯ በላብ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። አንድ እጇ ከመቀመጫው ሥር ገብቷል፤ በሌላው አፏን ግጥም አድርጋ ይዛለች። ስታየኝ ለቀቀችው።

"አባባ፣ አልጮህኩም" አለችኝ።

"እጅሽ ምን ሆነ?"

"ወንበሩ ነከሰኝ። ልነሳ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጣቷ ወንበሩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ በሁለት ብረቶች መሃል ገብቷል፤ ብረቱን የተጫነው ደግሞ የገዛ ክብደቷ ነው። ብድግ ብትል ይለቃት ነበር። ግን አልተጠራችማ!

ብብቷን ይዤ አነሳኋት። ጥፍሯ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፣ የጣቷ ጫፍ ጠቁሯል። ጮህኩ። መንገድ ላይ ስንት አደጋ አይቼ ያልጮህኩት ሰው፣ ጎረቤት በሙሉ በመስኮት ብቅ እስኪል ጮህኩ። ልጄ አረፋ ከእጇ እየተንጠባጠበ ሮጣ መጣች።

ልጅቷ በደህና እጇ አፌን ያዘችኝ።

"አባባ፣ አትጩህ" አለች በሹክሹክታ። "ፊታቸውን ያዞሩብሃል።"

ልጄ ይህን ሰማች። ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ለካ ዝምታዋን ስንመርቅላት የነበረው ለዚህ ኖሯል!

እጇን በፎጣ ጠቅልለን ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሙ ጣቷ እንደማይቆረጥ፣ አጥንቱ የተሰነጠቀ ብቻ ስለሆነ እንደሚድን ነገረን። ከዚያ ማደንዘዣውን እያዘጋጀ ፈገግ አለ።

"ጀግና ናት። እንዲህ ዝም የሚል ልጅ አይቼ አላውቅም።"

"እባክዎ እንደሱ አይበሏት!" ብላ ልጄ ጮኸች። ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ ደነገጠ። እሷ ግን አላየችውም፤ ልጅቷ ፊት ተንበርክካለች። "ጩሂ፣ እናቴ። ሲያምሽ ጩሂ። ይኸው እያየሁሽ ነው።"

ልጅቷ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። አገጯ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ ግን የለም። ያ ሞተር ጨርሶ ጠፍቶ እንዳይሆን ፈራሁ።

"ጡሩምባዬ" አልኳት፣ "ንፊው እንጂ!"

መርፌው ገባ። አፏን ከፈተች፣ ትንፋሿን ሳበች፣ ከዚያ ለቀቀችው! ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በበሩ አንገታቸውን አስግገው አዩ። እናቷ ግንባሯን የልጇ ግንባር ላይ አድርጋ አብራት ታለቅሳለች። እኔ መዳፌ ላይ የተጣበቀውን ኮከብ ጭምድድ አድርጌ ቆሜ ሰማኋት። ፊቱን ያዞረ አንድም ሰው አልነበረም።