አንዲት «በ»

ሚስጥር ከክሊኒክ ሥራዋ ወጥታ ማራኪ ሰፈር ወዳለው የጀርመንኛ ክፍል ስትደርስ እግሯ የራሷ አልመስላት ብሏል። በነርስነት ጀርመን አገር ለመቀጠር የምትፈተነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እንቅልፍ ግን ፈተና አያውቅም።

የዕለቱ ትምህርት አንድ ነገር በምን ምክንያት እንደሆነ መናገሪያ ቃላት ነበር። አማርኛ ደግ ቋንቋ ነው፤ በአንዲት «በ» ሁሉን ያዳርሳል። በወባ ሞተ፣ በዝናብ ቀረ፣ በፍርሃት ተንቀጠቀጠ፣ ማንም «የትኛው በ?» ብሎ አያፋጥጥም። ጀርመኖቹ ያፋጥጣሉ። በሽታ ሲገድል «አን»፣ ዝናብ ሲያስቀር «ቬገን»፣ ሰውነት ሳይጠየቅ ሲንቀጠቀጥ «ፎር»፣ ሰው አስቦ ሲያደርግ «አውስ»። ለደከመው ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?

ስለ ራሳችሁ ጻፉ ተባሉ። ሚስጥር አባቷ በጉበት በሽታ መሞቱን፣ እሷም በፍርሃት ከቀብሩ መቅረቷን ጻፈች። ለፍርሃቱ «ፎር» አለች። መምህር ፊልጶስ ሰርዞ «አውስ» አደረገላት።

«መቅረት እንደ መንቀጥቀጥ አይደለም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚቀረው ሰው ወስኖ ነው።»

ነገ «ትሮትስ»ን እንማራለን፣ አንድ ነገር እያስቸገረም ሌላው ሲደረግ የሚባልበት ነውና እንዳትቀሩ ብሎ አሰናበታቸው።

ዓመት ሙሉ ለወንድሟ ለስማቸው የሰጠችው ምክንያት «በመንገዱ» የሚል ነበር። መንገዱ እውነትም አያስተማምንም። በቀብሩ ቀን ግን ወደ አገራቸው ወደ ጭልጋ ማኪና ሄዷል፤ እሷ ከመናኸሪያው ተመልሳለች። ነገ የአባታቸው ሙት ዓመት ነው። ስማቸው ጠዋት ደውሎ፣ ዘንድሮም ከቀረች ዳግመኛ እንደማይለምናት ነግሯታል።

ከክፍሉ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደወለችለት። አፍራለች፤ ግን መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል፣ ጉልበቷ ደግሞ አልቋል።

«መንገዱ አልነበረም» አለችው። «ፈርቼ ነው። ማኪናው ሲሄድ ቆሜ አየሁት።»



«አውቃለሁ» አለ ስማቸው። «በዚያው ማኪና የመጡት ነግረውኛል። ካንቺ አፍ ነበር የምጠብቀው።»

«ነገም እኮ እፈራለሁ።»

«ፈርተሽም ነይ።»

ሚስጥር ለጠዋቱ ማኪና እንድትነሣ የስልኳን ደወል ለንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ሞላች። ድካሟን ስላላመነችው ለአስራ አንድ ከሩብ ደገመችው።