እመት ማሩ

«እንደ ማሩ ያለ ባል በዚህ አገር አልተፈጠረም» አሉ አያ ሐብተ ማርያም፣ ንፍሮውን ከመዳፋቸው ወደ አፋቸው እየወረወሩ። በድንኳኑ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የሟቹ የማሩ ልጅ፣ ስማቸው የሚባለው፣ ግን ቀና ብሎ አያቸውና መልሶ አቀረቀረ። አባቱን «እመት ማሩ» ብለው የሰየሙት እኒሁ ሰው ነበሩ። ስሙን ሲያወጡም እንደ ዛሬው አፋቸው ሙሉ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። ስማቸው ገና ተማሪ ሳለ እናቱ ወይዘሮ ዝናሽ ወድቀው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ፤ ገረድ ቅጠር፣ ዘመድ አምጣ፣ ካልሆነም ፍታት። አያ ማሩ ሽርጥ ታጥቀው ጓዳ ገቡ። ያን ጊዜ ወንድ ጓዳ ከሚገባ ቢሰርቅ ይሻለው ነበር። ጠላ ቤቱ «እመት ማሩ ዛሬ ምን ወጥ ሠሩ?» እያለ ይስቃል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆቹ ስማቸውን «እናትህ ማሩ ደህና አደረች?» ይሉታል። መጀመሪያ ተደባደበ፣ ኋላ አፈረ። እፍረቱም አብሮት አደገ፤ አብሮት ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ተቀጠረ፣ ፀዳ በሚባለው ሰፈርም ቤት ሠራ። በሠርጉ ዋዜማ አባቱን፣ «ነገ እማዬን አዝለህ እንዳትመጣ፣ ትልልቅ እንግዶች አሉብኝ» አላቸው።

አያ ማሩ ሚስታቸውን አላዘሉም። እሳቸውም ሠርጉ ላይ አልታዩም።

ዛሬ የስማቸው ልጅ ቤዚ አያቷ ሽንኩርት ሲከትፉ ያነሳቻቸውን ፎቶ በስልኳ ለቃው፣ የማያውቃቸው ሁሉ «ጀግና» ይላቸዋል። ወጣት ባሎች ልጅ አዝለው ለቅሶ ይደርሳሉ፤ የሚስቅ የለም። አያ ሐብተ ማርያም ራሳቸው ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሽሮ ያማስላሉ ይባላል፣ በር ዘግተው ነው እንጂ።

ከቀብሩ ወዲህ ወይዘሮ ዝናሽን የሚያገላብጧቸው የጎረቤት ሴቶች ናቸው። እነሱም ነገ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ስማቸው ሠራተኛ ቀጥሮ እናቱን ፀዳ ሊወስድ አስቦ ነበር። እሳቸው ግን፣ ከማሩ በቀር ያነሳኝ የለም፣ የማላውቀው እጅ ከሚነካኝ እዚሁ ልበስብስ ብለዋል።

ከቤት ውስጥ ማቃሰታቸው ተሰማ። አንዲት ሴት ልትነሳ ስትል ስማቸው ቀደማት።

«ምነው፣ ሴቶቹ አሉ እኮ» አሉ አያ ሐብተ ማርያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ስማቸው ወደ ውስጥ ገባ። አልጋው አጠገብ ቆመ፤ የት እንደሚይዝ ግን አላወቀም።

«እንዴት ነበር የሚያነሳሽ?»

«ግራ እጁን ከጀርባዬ ሥር፣ ቀኙን ከጉልበቴ» አሉ እናቱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ።

ጎንበስ ብሎ እጁን ከጀርባቸው ሥር ሰደደ። ትከሻቸው ተኮማተረ።

«በረደኝ። እሱ መጀመሪያ እጁን ያሞቅ ነበር።»

ስማቸው እጆቹን መለሰ። ሁለቱን መዳፎቹን ገጥሞ ወደ አፉ አስጠጋና ተነፈሰባቸው። ደግሞ ተነፈሰባቸው።